የፓይፐር ቤተሰብና የሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት፦ በአደራና በባለቤትነት መካከል

በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በሐረርና በጅጅጋ፣ ከውጭ አገር የመጡ ቤተሰቦች ታሪክ በአብዛኛው የገበያ ታሪክ ነው። ከባሕር ማዶ ተሻግረው የገቡት የየመን ዐረቦችና ህንዳውያን የኑሯቸውን መሠረት በሱቅና በንግድ ላይ ጣሉ እንጂ በእርሻ መሬት ላይ አልነበረም። ነጋዴ ቤተሰብ ገበያው ሲበርድበት ዕቃውን ጭኖ ሌላ ከተማ ይከፍታል። አራሽ ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ግን ዕጣ ፈንታው ከመሬቱ ይዞታ ጋር የተሳሰረ ነው። ለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ፍልሰት በአገራችን ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ በሻሸመኔ አጠገብ የሰፈሩት የካሪቢያን ተወላጆች ታሪክ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ከእነርሱ የመጀመሪያ የሆኑትን ጄምስና ሄለን ፓይፐርን መነሻ አድርጎ፣ ቤተሰቡ መሬቱን የያዘው በምን ዓይነት መብት ነበር የሚለውን ጥያቄ ይመረምራል። (ዓ.ም. ተብለው ካልተመለከቱ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር ያለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒውዮርክ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጥቁር አሜሪካውያንንና የካሪቢያን ሰዎችን ለኢትዮጵያ ድጋፍ አሰባስቦ ነበር። ከነጻነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚህ ውለታ በሻሸመኔ አምስት ጋሻ ያህል፣ ማለትም ወደ 200 ሄክታር የሚጠጋ፣ መሬት ሰጡ። ስጦታው የተሰጠበት ዓመት ብዙ ጊዜ 1948 ነው ይባላል። ለፌዴሬሽኑ የጃማይካ ቅርንጫፍ በደብዳቤ የተገለጸው ግን በመስከረም 1955 ነው። ይህ ደብዳቤ ለጥያቄያችን ቁልፍ ነው፤ መሬቱ የንጉሠ ነገሥቱ የግል ንብረት መሆኑን ይገልጽና በፌዴሬሽኑ አማካይነት ኢትዮጵያን በችግሯ ጊዜ ለረዱ የምዕራቡ ዓለም ጥቁር ሕዝቦች መሰጠቱን ያስታውቃል። ተቀባዩ ሰው አይደለም፣ ሕዝብ ነው፤ ያውም በውቅያኖስ ማዶ ያለ፣ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ሕዝብ።

ፓይፐሮች የሞንትሴራት ደሴት ተወላጆች ሲሆኑ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በአሜሪካ ከኖሩ በኋላ ነው። መጀመሪያ በ1948 መጥተው ቆይተው ተመለሱ፤ በ1955 ዳግም መጥተው በሻሸመኔ በፌዴሬሽኑ ስም መሬቱን ያዙ። የራስተፈሪ እምነት ተከታዮች አልነበሩም፤ የአይሁድ እምነትን ከተቀበሉ የጥቁሮች ወገን ነበሩ። ከዚሁ ወገን ከእነርሱ በፊት የባርቤዶስ ተወላጅ የሆኑት ረቢ አርኖልድ ፎርድ በ1930 አዲስ አበባ ገብተው ነበር፤ ባለቤታቸው ሚኞን ፎርድም በከተማው የልዕልት ዘነበወርቅን ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ዛሬ ሰፈሩ በሕዝብ አፍ «ጃማይካ» ተብሎ ይጠራል። ስሙን ያገኘው በኋላ ከመጡትና በቁጥር ከበዙት ነው፤ የመጀመሪያው ቤተሰብ ግን ጃማይካዊም ራስተፈሪም አልነበረም። የቦታ ስም የመጀመሪያውን ሳይሆን የብዙኃኑን ትዝታ እንደሚይዝ ይህ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል።

በ1966 ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ የመጪው ቁጥር ጨመረ። ያኔ እስከዚያ ያልተነሣ ጥያቄ ተነሣ፤ ቀድሞ የመጣ ቤተሰብ ኋላ ለሚመጣው መሬት የመስጠትም የመከልከልም ሥልጣን አለውን? የፓይፐሮች ይዞታ ርስት አልነበረም፣ ጭሰኝነትም አልነበረም። በእኔ አመለካከት ከሁሉ የሚቀርበው አደራ ነው፤ ባለአደራ ግን አስረካቢው ሲጠይቀው ካልሆነ በቀር በማን ፊት መልስ እንደሚሰጥ አያውቅም። ፌዴሬሽኑ በኒውዮርክ፣ ሰጪው በቤተ መንግሥት፣ ተቀባዩ ሕዝብ በየደሴቱ ነበር። በ1970 መሬቱ ለ12 ሰፋሪዎች በድርሻ ሲከፋፈል የጋራ ስጦታው ወደ ግለሰብ ይዞታ ተለወጠ፤ የቀዳሚው ቤተሰብ ልዩ ቦታም በዚያው አበቃ ማለት ይቻላል።

አዲሱ ይዞታ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ። ብዙዎቹ ሰፋሪዎች አገር ለቀው ወጡ፤ ጥቂቶች ግን ከነጎጇቸው ቀሩ።

እዚህ ላይ የአካባቢው አርሲ ኦሮሞ ገበሬ ከታሪኩ መውጣት የለበትም። መሬቱ በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተካሄደው ዘመቻ ወዲህ ከነባሩ ባለይዞታ እጅ የወጣ ነበር። ስለዚህ ለካሪቢያኑ ሰፋሪ የተስፋ ምድር የሆነው ለጎረቤቱ ያልተዘጋ ቁስል ሊሆን ይችላል። የ1967ቱን አዋጅ አንዱ እንደ መነጠቅ፣ ሌላው እንደ መመለስ ቢያየው አያስደንቅም። «ባዶ መሬት ላይ የሰፈሩ አቅኚዎች» የሚለው አነጋገር በጽሑፎቻችን መደጋገሙ ይህንን ይሸፍናል።

የይዞታው ጉዳይ በመሬት አላበቃም፤ ወደ ልጆችም ወረደ። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. መሠረት ዜግነት ከወላጅ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሁለቱም ወላጆቹ የውጭ ዜጋ የሆኑ ልጅ በሻሸመኔ መወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አያደርገውም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ዓ.ም. ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የፈቀደው መታወቂያም ከወላጆች፣ ከአያቶች ወይም ከቅድመ አያቶች አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ እንዲሆን ይጠይቃል። የሰፋሪዎቹ ዘር ከዚያ ሐረግ በብዙ መቶ ዓመታት የራቀ ነው። አገሩን የመረጡት በደም ቆጠራ ሳይሆን በእምነት ነበርና። መንግሥት ለራስተፈሪዎች ልዩ መታወቂያ እንደሚሰጥ ያስታወቀው በ2017 ነው፤ ፓይፐሮች በሻሸመኔ ከሰፈሩ ከ62 ዓመት በኋላ። መታወቂያው ያለ ቪዛ የመኖር ፈቃድ እንጂ ዜግነት አይደለም፤ ስለ አምስቱ ጋሻም የሚለው ነገር የለም።