የመኪና ቅጣትና የፍርድ ቤት መዝገብ እንዴት ይመረመራል?

አንድ ነገር ከተደረገ በኋላ የሚቀረው ወይ በሰው ልብ ወይ በወረቀት ነው። በሰው ልብ የቀረው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ በወረቀት የተጻፈው ግን ከነስሕተቱ ከጸሐፊው በኋላ ይኖራል። እኔ ይህን የተረዳሁት ባለፈው ዓመት በአባቴ ሥራ ላይ በደረሰው ነገር ነው። በክፍላችን ውስጥ አባታቸው ወይም ወንድማቸው በመንዳት ሥራ የሚተዳደር ብዙዎች ስለ ሆንን፥ የተማርሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን ለማካፈል አሰብሁ።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሙግት የሚሰማው በአደባባይ ነበር። ሁለት ሰዎች ቢጣሉ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው እንኳ ዳኛ አድርገው ያቆሙት ነበር፤ እርሱም የመንገድ ዳኛ ይባል ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ማን እንደ ተረታና ማን እንደ ረታ ስለሚያውቅ፥ መዝገቡ ሕዝቡ ራሱ ነበር ለማለት ይቻላል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ አዲስ አበባ የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል አየች። (አንድ ጓደኛዬ «ያችን መኪና በክልክል ቦታ ቆመሻል ብሎ የከሰሳት ማን ነበር?» እያለ ያስቀኛል።) ዛሬ ግን የመኪናው ብዛት ከሰው ልብ በላይ ስለ ሆነ፥ የእያንዳንዱን ነጂ ጥፋት የሚያስታውሰው ወረቀትና ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ስለዚህም መዝገቡን ማየት የማይችል ሰው፥ ስለ ራሱ የተነገረውን እንዳልሰማ ሰው ይሆናል።

ወደ ታሪኩ ልግባ። አባቴ የሚነዳት ሚኒባስ የራሱ አይደለችም። ባለ መኪናው ሌላ ሰው ናቸው፤ አባቴ በየማታው ገቢ ያስገባላቸዋል። የዓመት ምርመራ ጊዜ ደርሶ ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ፥ በመስኮቱ ያለችው ጸሐፊ ኮምፒዩተሩን ተመልክታ «አባት፥ ይህች መኪና ያልተከፈለ ቅጣት አለባት፤ በክልክል ቦታ ቆማ ነው፤ ጊዜውም አልፎበታል» አለችው። አባቴ እንዲህ ያለ ወረቀት አላየም። ባለ መኪናው ይህን በሰሙ ጊዜ «ደብቀኸኝ ነው እንጂ ወረቀት ያለ ምክንያት አይጻፍም» አሉት። አባቴም ያን ዕለት ማታ ራቱን ሳይቀምስ ተኛ። ነገሩን ከባድ ያደረገው የገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ብር ያላጎደለበት ሰው እንደ ሌባ ስለ ቈጠረው ነው። ቦሎ ያልተለጠፈባት መኪና ደግሞ ተራ አትይዝም፤ ተራ ካልያዘችም በቤታችን እንጀራ የለም።

አባቴ በማግሥቱ «ከፍዬው ልገላገል» አለ። እኔ ግን በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህራችን ያስተማሩንን አስታውሼ «አባባ፥ መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው» አልሁት። መክፈል ማመን ነውና። ይህን ከራሴ አልፈጠርሁትም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፥ በደንብ መተላለፍ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱን በጽሑፍ ካመነ፥ ፍርድ ቤቱ ያንኑ ይዞ እንዲቀጣው ፈቅዷል። ከፍሎ የተገላገለ ሰው «አላጠፋሁም ነበር» ቢል ሰሚ አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሰዎች ሁሉንም «ክስ» ይሉታል፤ ነገር ግን አንድ አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ በመንገድ ላይ የሚጽፈው የቅጣት ወረቀት በትራፊኩ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ይቀራል እንጂ ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤት አይደርስም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208፥ ጥፋቶቹን በየደረጃው ከፍሎ ከገንዘቡ ቅጣት ጋር በነጂው ስም የሚመዘገብ ነጥብ እንዲኖር አድርጎ ነበር። ደንቡ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ፤ ከዚያም ወዲህ በሌላ ተተክቷል። ስለዚህ የቆየ ቅጣት የሚመረምር ሰው ጥፋቱ የተጻፈበትን ቀን አይቶ በዚያን ጊዜ የሚሠራው ደንብ የትኛው እንደ ነበር መጠየቅ አለበት። ሰው የተጎዳ ወይም የሞተ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ከቅጣት ወረቀት ያልፋል፤ በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ዐቃቤ ሕግ ክስ ያቀርባል፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543፥ በቸልተኝነት አካል መጉዳት በአንቀጽ 559 ይታያል። የዚህ መዝገብ የሚገኘው በፍርድ ቤት ነው። የቱ ጋ እንደሚጠየቅ ሳያውቁ ከመስኮት ወደ መስኮት መመላለስ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እኛም አንድ ሙሉ ጧት እንዲሁ አሳልፈናል።

በመጀመሪያ ቀን ጸሐፊዋ «ኮምፒዩተሩ የሚለው ይኸው ነው» ብላ ሸኘችን። እውነቷን ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚለው የተነገረውን ነው። በሁለተኛው ቀን ማመልከቻ ጽፌ ሄድን። በማመልከቻው የሠሌዳውን ቁጥር ከነኮዱ፥ የሻንሲውን ቁጥር፥ ጥፋቱ ተፈጸመ የተባለበትን ቀን አስገባሁ፤ የምንለምነውም ቅጣቱ እንዲሰረዝልን ሳይሆን ፖሊሱ በእጁ የጻፈውን ወረቀት ቅጂ እንዲያሳዩን መሆኑን ገለጽሁ። ይህን ማስተዋል ይገባል፤ «ይሰረዝልኝ» ያለውን ሰው ሁሉም ይሸሸዋል፤ «ልየው» ያለውን ግን ለመከልከል ምክንያት መፈለግ ያስቸግራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲጠየቅ ከ30 ቀን ባልበለጠ ጊዜ መልስ እንዲሰጥ ያዝዛል። እኔም የአዋጁን ቁጥር በማመልከቻው ግርጌ ጻፍሁት። አባቴ «ልጄ፥ ይህ ቁጥር አያስቈጣቸውም?» ብሎ ፈርቶ ነበር፤ የተቀበሉን ሰው ግን አንብበው ፈገግ ብለው መሩልን። ማመልከቻውን ስንሰጥ በገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ አስጽፈን፥ የተጻፈበትን ቁጥርና ቀን በእኛ ቅጂ ላይ አስመታን። ያለዚያ ነገ «አልደረሰንም» ቢባል ምን ይመለሳል?

በዘጠነኛው ቀን ወረቀቱ ተገኘ። የካርቦን ቅጂ ስለ ነበር ጽሕፈቱ ደብዝዟል፤ በመስኮት ብርሃን እያዘነበልሁ አነበብሁት። አምስቱ የሠሌዳ ቁጥሮች የእኛው ናቸው። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ነገር ግን «ኮድ» በሚለው ቦታ ምንም አልተጻፈም፤ «የተሽከርካሪው ዓይነት» በሚለው መሥመር ላይ ደግሞ «ፒክአፕ» ይላል።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በነባሩ ሠሌዳ ላይ ከቁጥሩ በፊት ያለው ኮድ የመኪናዪቱን አገልግሎት ይገልጻል፤ ኮድ 1 የታክሲ፥ ኮድ 2 የግል፥ ኮድ 3 የንግድ፥ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ስለዚህ አምስቱ አኃዞች አንድ ሆነው ኮዳቸው የተለያየ መኪኖች በአንዲት ከተማ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ኮዱን የተወ ሰው የአባትን ስም ትቶ «ከበደ» ብሎ እንደ ጻፈ ይቈጠራል። ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባው ሠራተኛ ባዶውን ቦታ ሲያገኝ ኮድ 1 ብሎ ሞላው፤ የፒክአፑ ዕዳ ወደ ሚኒባሷ መጣ። ከዚህም በላይ ያን ዕለት መኪናችን ካምቢዮዋ ወርዶ ጋራዥ ቆማ እንደ ነበር የሚያሳይ ደረሰኝ አባቴ በጋቢናው ኪስ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ደረሰኙ ብቻውን ቢሆን ግን «ከጋራዥ ወጥታ ይሆናል» ሊባል ይቻል ነበር፤ ጉዳዩን የጨረሰው «ፒክአፕ» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት።

ከዚህ በኋላ መዝገብ የማየት ፍላጎት ስላደረብኝ፥ በዕረፍት ጊዜዬ ወደ አንድ ፍርድ ቤት ሄድሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት እንዲሰማ ስለሚያዝዝ፥ ዝግ ችሎት ካልሆነ በቀር ተማሪም ገብቶ ይቀመጣል። ዳኞች ሲገቡ መነሣት፥ ስልክ መዝጋት፥ ዝም ማለት ነው እንጂ ሌላ ጥያቄ የለም። በግድግዳው ላይ የዕለቱ ቀጠሮ ተለጥፏል። የመዝገብ ቁጥር፥ የተከራካሪዎች ስም፥ ችሎቱና ሰዓቱ ይነበባል። በመዝገብ ቤት መስኮት ያሉት እናት «ልጄ፥ ስም ብቻ ይዘህ አትምጣ፤ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ቁጥሩን ይዘህ ና» አሉኝ። እንግዲህ የፍርድ ቤት መዝገብ ቁልፉ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው የተከሳሹን ስም እስከ አያት፥ ፍርዱ የተሰጠበትን ዓመትና ምድብ ችሎቱን ይዞ ቢሄድ ይፈለግለታል። የውሳኔ ግልባጭ የሚወስድ ሰውም «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» የሚለው ጽሑፍና ማኅተም እንዳለበት ሳያይ ከመስኮቱ ባይርቅ ይሻለዋል።

ይህ ለተበዳይም ወገን ያስፈልጋል። በመኪና ለተጎዳ ሰው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ባያጠፋም እንኳ ኃላፊ እንዲሆን ያደርገዋል፤ የካሣው ክስ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ትራፊክ ፖሊስ የሚያነሣው የአደጋ ፕላን፥ የሐኪም ማስረጃና የወንጀሉ መዝገብ እስኪሰበሰቡ ሁለት ዓመት እንደ ሁለት ወር ይሮጣል። ነጂው በወንጀሉ ነጻ ቢወጣ ደግሞ ቤተ ሰቡ ተስፋ ቈርጦ መቀመጥ የለበትም፤ አንቀጽ 2149 የካሣውን ጉዳይ የሚያየው ዳኛ በዚያ ነጻ መውጣት እንደማይገደድ ይናገራል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችም በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ። ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ ችሎቱ ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ቋንቋው ይከብዳል፤ እኔም አንዱን ውሳኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ። ቢሆንም ስለ መኪና አደጋ ካሣ የሚያትቱትን መርጦ ማንበብ ከብዙ ወሬ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ያስጨነቀኝን ልናገር። በዚያ የቀጠሮ ዝርዝር ላይ የሠፈራችንን ሰው ስም አየሁ። ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ ልጁ ግን በትምህርት ቤታችን ይማራል። ወደ ቤት ስመለስ ለእናቴ እንኳ አልነገርሁም። ዝርዝሩ የተለጠፈው ባለጉዳዩ ሰዓቱን እንዲያውቅና ፍርድ በስውር እንዳይሰጥ ነው እንጂ እኔ ጎረቤቴን በቡና ላይ እንዳነሣው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንዳንዶች «የሁሉም ሰው ቅጣት በስልክ ለሁሉም ቢታይ ነጂ ይፈራ ነበር» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ዛሬ በቴሌብር ቅጣትን መክፈል ከተቻለ፥ ነጂው የገዛ ራሱን ወረቀት ከነፖሊሱ ጽሕፈት በስልኩ እንዲያይ ማድረግ በበቃ ነበር፤ የእኛን ስሕተት ያቈየው ሌላ ሰው ስላላየው ሳይሆን አባቴ ራሱ ስላላየው ነው።

የመኪናችን ጉዳይ ከሁለት ሳምንት በኋላ ታርሞ፥ ቅጣቱ በስሕተት መመዝገቡን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተሰጠን። አባቴ ደብዳቤውን ለባለ መኪናው ወሰደላቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው እስከ ፊርማው ድረስ አነበቡት፤ አጥፈው መለሱለት፤ ይቅርታ አላሉም፤ ነገር ግን የቆመችባቸውን ቀኖች ገቢ አልጠየቁትም። ደብዳቤው ዛሬ ከሦስተኛ ወገን መድን ወረቀቱ ጋር በጋቢናው ኪስ ውስጥ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲህ ማንም የቅጣት ወረቀት ሲጽፍለት፥ ጥፋቱን ካመነም በኋላ፥ «ወንድሜ፥ ኮዱን ጽፈኸዋል?» ብሎ ይጠይቃል።