የአብራሪው ጥፋት ወይስ የማዘዣው? ስለ ትንንሽ አይሮፕላኖች የማረፊያ እግር

አይሮፕላን የሚሠራው ለመብረር ነው፤ ዳሩ ግን በረራ ሁሉ ተጀምሮ የሚያልቀው በመሬት ላይ ስለ ሆነ፥ እግሩ ከክንፉ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚይዙትን ትንንሽ የግል አይሮፕላኖች ነው። አደጋ በደረሰ ቍጥር «የአብራሪው ስሕተት ነው» የሚለው ፍርድ ምን ያህል እንደሚበቃ ለመመርመር፥ የእነዚህ አይሮፕላኖች እግር ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሁለቱ ዓይነት እግሮች

የመጀመሪያው ዓይነት የማይታጠፍ እግር ነው። ከ1956 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ሴስና 172 ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የኋላ እግሮቹ እንደ መኪና ባልስትራ ተለምጠው የሚመለሱ ናቸው። ችግሩም ጥቂት ነው፤ ጐማ ያልቃል፥ ፍሬን ይደክማል፥ የፊቱም ጐማ አንዳንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ይርገበገባል። ይህን ሁሉ ጥሩ መካኒክ በጊዜው ካየው ይድናል።

ሁለተኛው በበረራ ጊዜ ወደ ሆድ የሚታጠፍ እግር ነው። እግሩ ሲታጠፍ የነፋሱ መቋቋም ስለሚቀንስ አይሮፕላኑ በዚያው ኃይል ይፈጥናል። ነገር ግን ፍጥነቱ በዋጋ የተገዛ ነው፤ ሞተር፥ ዘንግ፥ መዝጊያና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይጨመራሉ፤ የሚበላሸውም ነገር በዚያው መጠን ይበዛል። በ1947 ለገበያ የወጣው ቢችክራፍት ቦናንዛ እግሩን የሚያነሣውና የሚያወርደው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ፥ አብራሪው ከፊት ወንበሮች ኋላ ያለውን የእጅ ማዞሪያ ወደ 50 ጊዜ ያህል አዙሮ እግሩን ያወርዳል።

፪. መርሳት

ብረት ሲሰበር መፍትሔው ብረት ነው። ሰው ሲረሳስ? የነዳጁ መስጫ ሲቀነስና እግሩ ገና ሳይወርድ ሲቀር ጥሩምባ ይጮኻል፤ እግሩ ወርዶ ሲቈለፍም አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ። ሆኖም በሬድዮ ንግግርና በሌሎች አይሮፕላኖች የተጠመደ አእምሮ ጥሩምባውን ላይሰማ ይችላል። መብራቱም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም፤ በአንዳንድ የፓይፐር አይሮፕላኖች የሌሊቱ መብራት በቀን በርቶ ከቀረ አረንጓዴዎቹ ስለሚደበዝዙ፥ አብራሪው በፀሐይ ብርሃን የጠፉ ይመስሉታል።

በሆድ ማረፍ ብዙውን ጊዜ ሰው አይገድልም። ፕሮፔለሩ ግን ይታጠፋል፤ ሞተሩም በድንገት ስለ ተመታ ተፈቶ መመርመር አለበት። ከዚህ የባሰው፥ ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ በኋላ አብራሪው ደንግጦ እንደ ገና ለመነሣት ሲሞክር ነው።

፫. የተሳሳተው ቍልፍ

ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው። አይሮፕላኑ በሰላም አርፎ በሜዳው ሲሮጥ፥ አብራሪው ክብደቱ በጐማዎቹ ላይ እንዲያርፍና ፍሬኑ እንዲይዝ ብሎ ፍላፑን፥ ማለት ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ሳንቃ፥ ለማንሣት እጁን ይዘረጋል። የፍላፑን ቍልፍ የነካ መስሎት የእግሩን ይነካል፤ አይሮፕላኑም በገዛ እግሩ ላይ ይቀመጣል።

እርግጥ፥ እግሩ በመሬት ላይ እንዳይታጠፍ የሚከለክል መሣሪያ በአሞርዛተሩ ላይ ተገጥሟል። ይህ መሣሪያ የሚሠራው ግን አሞርዛተሩ በክብደት ሲጨመቅ ነው። አይሮፕላኑ ገና ሲሮጥ ክንፉ ግማሹን ክብደት ይሸከማልና፥ ጥበቃው በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይኖር ይችላል።

በ1980 የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ይህን መርምሮ፥ ቦናንዛንና ባሮንን በስም ጠቅሶ፥ አደጋዎቹን ከአሠራሩ የመነጩ ብሎ ሰየማቸው። በብዙ አይሮፕላኖች የእግሩ ማዘዣ በግራ፥ የፍላፑ በቀኝ ሲሆን፥ በእነዚህ ተገላቢጦሽ ነበር። የመሪው አግዳሚ ብረት ቍልፎቹን ከዓይን ይጋርዳል፤ እጅን የሚያስቆም መከለያም አልነበረም። በሌላ አይሮፕላን የለመደ እጅ ወደ ልማዱ ቢሄድ ምን ይደንቃል? ፋብሪካው በ1984 ቦታቸውን ለዋወጠ።

የሚያሳዝነው ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። በ1943 የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የሥነ ልቡና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ፥ የቢ-17 አብራሪዎች ካረፉ በኋላ እግር የሚያጥፉት ለምን እንደ ሆነ መርምሮ፥ ሁለቱ ማዘዣዎች ጐን ለጐን ያሉና አንድ ዓይነት ሆነው አገኛቸው። በእግሩ ማዘዣ ላይ ትንሽ ጐማ፥ በፍላፑ ላይ ሽብልቅ የመሰለ ነገር እንዲገጠም አደረገ፤ እጅ ሳያይ እንዲለይ።

፬. ምን እንማራለን?

አብራሪ ለሆነ ሰው ትምህርቱ አጭር ነው፤ ከሜዳው እስክትወጣ ድረስ ምንም አትንካ፤ ከመንካትህም በፊት የምትነካውን በስሙ ጥራው። ሰው ሁሉ ከጥፋት ነጻ ነው ማለታችንም አይደለም፤ የመፈተሻ ዝርዝሩን ሳያነብ የሚያርፍ ሰው ወቀሳ ይገባዋል።

ዳሩ ግን የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ብዙ ሰዎች አንዱን ስሕተት በአንዱ ቦታ ከደጋገሙት፥ ጥፋቱን በሰዎቹ ላይ ብቻ መጫን ለሚቀጥለው ሰው ወጥመዱን ጠብቆ ማቆየት ነው። ከእኛ መካከል ነገ የፋብሪካ፥ የሆስፒታል ወይም የውሃ ማደያ መሣሪያ የሚሠሩ አሉ። በሥራቸው ላይ አንድ ሠራተኛ ቢሳሳት፥ «ማነው?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት «እጁ የት ነበር? ምንስ አገኘ?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።