«እኖር ነበር» በስፓኒሽ

ዛሬ ትንሽ ስፓኒሽ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሐይቅ ላይ ስፓኒሽ ከየት መጣ እንዳትሉኝ! ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው።

ከኦጋዴን ጦርነት (1969–1970 ዓ.ም.) በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከዋል። ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው ናቸው። የተማሩት ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባል ደሴት ነው፤ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። ጋሼም ከእነሱ አንዱ ናቸው።

አንድ ማታ የአባታቸውን ፎቶ እያዩ «ከእሱ ጋር እኖር ነበር» አሉ። እኔም «እስከ ስንት ዓመትዎ አብረው ኖሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ያደግኩትማ አያቴ ጋ ነው። ባይሞት ኖሮ ማለቴ ነው» አሉኝ። ከዚያ ደብተሬን ተቀብለው ሁለት ቃል ጻፉ፦ ቢቢያ እና ቢቢሪያ።

በአማርኛ «እኖር ነበር» ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ድሮ የኖርኩትን ይናገራል። ሁለተኛ፣ ሊሆን ሲችል ያልሆነውን ይናገራል፤ «ኖሮ» ሲጨመርበት ይለያል። ስፓኒሽ ግን ለየብቻ ቃል አለው። ቢቢያ የመጀመሪያው ነው። ቢቢሪያ ሁለተኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ በ«ዉድ» የምንለው ማለት ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። መደበኛ ግሦች መጨረሻቸው አር፣ ኤር ወይም ኢር ነው። ከግሡ ምንም ሳንቆርጥ ጭራ እንቀጥልበታለን። ጭራው ለሦስቱም አንድ ነው። ለምሳሌ አብላር (መናገር)፦

ዮ አብላሪያ = እናገር ነበር
ቱ አብላሪያስ = ትናገር ነበር፣ ትናገሪ ነበር
ኤል አብላሪያ = ይናገር ነበር
ኤያ አብላሪያ = እሷ ትናገር ነበር
ኖሶትሮስ አብላሪያሞስ = እንናገር ነበር
ኤዮስ አብላሪያን = ይናገሩ ነበር

«እርስዎ» ለማለት ኡስቴድ ብለን እንደ ኤል እናረባለን። «እናንተ» ደግሞ በኩባ ኡስቴዴስ ነው፤ እንደ ኤዮስ ይረባል።

ልብ በሉ! አማርኛ ፊቱን ይለውጣል (እ፣ ት፣ ይ)፣ ስፓኒሽ ግን ጭራውን። ደንቡን የሚያፈርሱ ጥቂት ግሦችም አሉ፤ እነሱን ሌላ ቀን።

ድሮ የተደረገውን ስንናገር ደግሞ አብላባ፣ ኮሚያ፣ ቢቢያ ነው። ሊሆን ሲችል ያልሆነው አብላሪያ፣ ኮሜሪያ፣ ቢቢሪያ ነው። ስለዚህ «ሪ»ን ፈልጉ።

መልመጃ፦ ኮሜር (መብላት) የሚለውን እንደ አብላር አርቡ። መልሱ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።

አሁን ጋሼ ከሥር የጻፉትን ማንበብ ትችላላችሁ፦ ቢቢሪያ ኮን ሚ ፓድሬ። ፓድሬ አባት ነው። «ሪ»ን ከረሳችኋት ግን እንደ እኔ ያልኖሩትን «ኖሩ» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።

ቸር ይግጠመን!