ግፊትና ፍሰት፦ የትኛው አነስተኛ የአየር ፓምፕ ለየትኛው ሥራ?

የአገራችን ባህላዊ አንጥረኛ ከፍሙ አጠገብ የሚያኖረው ወናፍ ሁለት የቆዳ ከረጢቶች አሉት። አንዱ ሲጨመቅ ሌላው አየር ይስባል፤ እጆች ሲፈራረቁም ወደ ከሰሉ የሚገባው ነፋስ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። ይህ መሣሪያ ብረት ለማጋል ይበቃል፤ የብስክሌት ጎማ ግን አይነፋም። በአንጻሩ የብስክሌት መንፊያ ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል ያጠጥረዋል፤ ምድጃ ላይ ቢያዞሩት ግን የሚያወጣው አየር ከጥቂት ትንፋሽ አይበልጥም። እንግዲህ ፓምፕ «ጠንካራ» ወይም «ደካማ» ተብሎ ብቻ አይመዘንም። የሚለካው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ አየሩን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ በሚነግረን ግፊትና በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያስተላልፍ በሚያሳየን ፍሰት።

በመሸጫው ካርቶን ላይ ሁለቱም ቁጥሮች በትልልቁ ይታተማሉ። ካርቶኑ የማይናገረው ሁለቱ በአንድ ጊዜ የማይገኙ መሆናቸውን ነው። ከፍተኛው ፍሰት የሚለካው የፓምፑ አፍ ክፍት ሆኖ፣ የሚቋቋመው ነገር በሌለበት ጊዜ ነው። ከፍተኛው ግፊት ደግሞ አፉ ተደፍኖ ምንም አየር በማይወጣበት ጊዜ ነው። እውነተኛው ሥራ የሚከናወነው በሁለቱ መካከል ስለሆነ ገዥው መጠየቅ ያለበት «በእኔ ሥራ ግፊት ላይ ሆኖ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብሎ ነው።

ስሌቱን በመኪና ጎማ እንጀምር። 35 ሊትር አየር የሚይዝ ባዶ ጎማ እስከ 2.2 ባር፣ ማለትም 32 ፒ ኤስ አይ ገደማ ለመንፋት 77 ሊትር ያህል ተጨማሪ አየር ይፈልጋል። በአማካይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚሰጥ፣ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ የፒስተን ፓምፕ ሥራውን በአራት ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ይኸው ፓምፕ 450 ሊትር የሚይዝ የእንግዳ ፍራሽ ለመንፋት ግን ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ እስከዚያም ሞተሩ ሊግል ይችላል። የፍራሹ መንፊያ በውስጡ የሚሽከረከር ማራገቢያ ስላለው በጥቂት ደቂቃ ይሞላዋል። ጎማ ላይ ቢገጠም ግን መጮህ ብቻ ነው።

ለዝቅተኛ ግፊት የሚበጀው መለኪያ የውኃ ጥልቀት ነው። አንድ ባር 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውኃ የሚፈጥረው ግፊት ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የዓሣ ማሳደጊያ ገንዳ ግርጌ አረፋ ለማውጣት ታዲያ 4 መቶኛ ባርና አረፋ በሚያወጣው ድንጋይ ውስጥ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጥቂት ጭማሪ ይበቃል። ለዚህ የሚሸጠው ፓምፕ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚንቀጠቀጥ ክንድ አንዲት የላስቲክ ገለፈት ሲገፋና ሲስብ ይውላል።

ምርጫው ከሁሉ በላይ የሚከብደው በሕክምና ላይ ነው። ወደ አገር ቤት በሚጓዝ ሻንጣ ውስጥ አስም ላለባት እናት የተገዛ ኔቡላይዘር መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ መሣሪያ ፈሳሹ መድኃኒት ወደ ጉም የሚለወጠው በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት የሚወጣ አየር ስለሚበታትነው ነው። ብዙዎቹ የመድኃኒት ኩባያዎች በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ፍሰት ይፈልጋሉ፤ ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑም ግፊቱ ግማሽ ባርና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። ወደ ሳንባ ዘልቀው የሚገቡት ከ1 እስከ 5 ማይክሮን የሚያህሉ ጠብታዎች ናቸው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ፓምፑ ሲደክም ጠብታዎቹ ይተልቁና አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራሉ። አስቸጋሪው ነገር ጉሙ አሁንም መታየቱ ነው፤ ቤተሰቡ መድኃኒቱ እየገባ ይመስለዋል፣ ታማሚዋ ግን አይሻላትም። ቀድሞ በ10 ደቂቃ ያልቅ የነበረ መድኃኒት 20 ደቂቃ ከፈጀ፣ የአየር ማጣሪያውን፣ ኩባያውንና ፓምፑን መመርመር ይገባል።

የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ለኔቡላይዘር አይበቃም። ሕይወት ያዳነበት ሥራ ግን አለ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሳንባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች በየትንፋሹ እየተጣበቁ ያስቸግሯቸዋል። ከረጢቶቹ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ በአፍንጫቸው የማያቋርጥ መለስተኛ ግፊት ይሰጣቸዋል። አረፋ ሲፓፕ በሚባለው ዘዴ የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል፤ 6 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ ሕፃኑ የሚያገኘው ግፊት በ6 ሳንቲ ሜትር ውኃ ልክ ነው። ግፊቱን የሚወስነው ፓምፑ ሳይሆን የውኃው ጥልቀት ነው፤ ከፓምፑ የሚጠበቀው አረፋው እንዳይቋረጥ በደቂቃ እስከ 10 ሊትር መስጠት ብቻ ነው። በቴክሳስ የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ይህን አስተውለው ሁለት የዓሣ ገንዳ ፓምፖችን ጎን ለጎን በማያያዝ ፑማኒ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ጎን ለጎን የተያያዙ ፓምፖች ፍሰታቸው ይደመራል። የመሥሪያ ዕቃዎቹ ዋጋ 350 ዶላር ገደማ ነበር።

መሣሪያው በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል ተፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት መሠረት በአረፋ ሲፓፕ ከታከሙት ሕፃናት 71 በመቶ፣ በአፍንጫ ኦክስጅን ብቻ ካገኙት ደግሞ 44 በመቶ በሕይወት ተርፈዋል። ጥናቱ 87 ሕፃናትን ብቻ ያካተተ ነበርና ቁጥሮቹን በዚያው ልክ መመዘን ተገቢ ነው። ይህ በላቦራቶሪና በሐኪሞች ክትትል የተፈተሸ መሣሪያ መሆኑም አይዘንጋ፤ በቤት ውስጥ የሚገጣጠም ነገር አይደለም።

በእንቅልፍ ትንፋሻቸው የሚቋረጥባቸው አዋቂዎች የሚጠቀሙበት ሲፓፕም ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከ4 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውኃ። ይሁንና አዋቂ ሰው አየር ሲስብ በዚያች ቅጽበት ፍሰቱ በደቂቃ 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለሕፃኑ የበቃው ፓምፕ እዚህ ላይ አየር ያሳጥራል። ስለዚህ የአዋቂው ሲፓፕ ፍጥነቱን ከትንፋሹ ጋር የሚያስማማ ፈጣን ማራገቢያ አለው።

ፓምፑ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ሄርዝ ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። በሚንቀጠቀጥ ማግኔት የሚሠራ ፓምፕ ደግሞ ምቱ የሚመጣው ከድግግሞሹ ነው፤ ለ60 ሄርዝ የተሠራው በ50 ሄርዝ ሲሠራ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ መጠምጠሚያ ሽቦውም ይበልጥ ይግላል። በሳዑዲ ዓረቢያም ድግግሞሹ 60 ሄርዝ ስለሆነ ከዚያ የሚገዛ ሰው ቮልቱን ብቻ አይቶ አይተወው። የተሻለው «50/60 ሄርዝ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የፓምፑ እያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ክብደትም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የገለፈት ፓምፕ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ለሕክምና የሚውሉ መሣሪያዎች መመሪያ መጽሐፍ መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ይገልጻል። ወሰኑ 2,000 ሜትር ከሆነ ለአዲስ አበባ አይበቃም፤ ለደብረ ብርሃን ደግሞ ጭራሽ።