የታዳጊዎች ሸንጎ፤ ለምንና እንዴት?



በአገራችን ሕግ አንድ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ይመርጣል፤ 21 ሲሞላው ደግሞ ለመመረጥ ይወዳደራል። ከዚያ በፊት ስለ አስተዳደር የሚያውቀው ቢኖር በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበውና የክፍል አለቃ ሲሠራ ያየው ነው። የክፍል አለቃን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። መምህሩ ከክፍል ሲወጡ ብጣሽ ወረቀት ይዞ የሚያወሩትን ሰዎች ስም ይጽፋል። ጓደኛው ሲያወራ ጆሮው አይሰማም፤ ከረሜላ የሰጠው ይሰረዝለታል፤ የተጣላው ሳያወራም ይጻፍበታል። እንግዲህ አብዛኞቻችን ስለ ሥልጣን የቀሰምነው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ኋላ የሚመጣው የሥነ ዜጋ ትምህርት ይህን ከልባችን ለማስለቀቅ ብዙ መድከም አለበት።

ስለዚህ በታዳጊዎች ክፍላችን የልምምድ ሸንጎ ይቋቋም የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ደግፌዋለሁ። ጥያቄው ግን ምን ያለማምዳቸው? የሚለው ነው። መሾምን ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ነገሩ በዓለም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ግዛት በ1935 እ.ኤ.አ. «አሜሪካን ሌጅን» የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ወንዶች ተማሪዎችን ሰብስቦ «ቦይስ ስቴት» የሚባለውን ልምምድ ጀመረ። ልጆቹ በሁለት የይስሙላ ፓርቲዎች ተከፍለው ከከተማ ሹም እስከ አገረ ገዥ ድረስ ይመርጣሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ለሴቶች ልጆችም ተመሳሳዩ ተቋቋመ። በ1963 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፉ ጉባኤ ከተካፈሉት ወጣቶች አንዱ የ16 ዓመቱ ቢል ክሊንተን ነበረ፤ በዋይት ሐውስ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ሲጨብጥ የተነሣው ፎቶግራፍ ታዋቂ ነው። ፎቶግራፉ ያምራል፤ ነገር ግን ያሳስታል። አንዱ ልጅ ፕሬዚዳንት ሲሆን ስንትና ስንት ሺህ ልጆች ተራ ዜጋ ሆነው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ልምምዱ የሚመዘነው ለእነዚያ በሰጣቸው ነገር ይመስለኛል።

በእኛም አገር በየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ፓርላማ አለ። አፈ ጉባኤ አለው፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝበታል። እኔ ባየኋቸው ስብሰባዎች ግን ሪፖርቱን መምህር ይጽፈዋል፤ ተማሪ ያነበዋል፤ የቀረውም ያጨበጭባል። ይህ የመድረክ ድራማ እንጂ የሸንጎ ልምምድ ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ሩቅ ሳንሄድ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጋሞ ደጋ እንመልከት። ከ19ኛው መቶ ዘመን ፍጻሜ በፊት የጋሞ ደጋ በብዙ «ደሬ»ዎች የተከፈለ፣ እያንዳንዱም ራሱን የሚያስተዳድር አገር ነበር። በትውልድ የሚወረስ «ካዎ» አለ። ከእርሱ ሌላ ግን በጉባኤ የሚመረጥ «ሃላቃ» አለ። ሃላቃ አዛዥ አይደለም፤ የጉባኤው ጠሪና አስፈጻሚ ነው። ሲሾምም ለሕዝቡ ድግስ ይደግሳል፤ ሹመቱ ሀብቱን ያስወጣዋል እንጂ ሀብት አያስገባለትም። (ከረሜላ ተቀባዩን የክፍል አለቃ እዚህ ላይ አስቡት።)

ጉባኤው የሚቀመጠው «ዱቡሻ» በሚባለው ሜዳ ነው። በምርቃት ይከፈታል፤ በምርቃት ይዘጋል። ተናጋሪው እስኪጨርስ ይደመጣል። ጉዳዩ ስምምነት እስኪገኝ ይመላለሳል እንጂ እጅ ተቆጥሮ በአንድ ድምፅ ብልጫ አይቋጭም። በዱቡሻ መዋሸት «ጎሜ» ነው፤ ማለትም በተናጋሪው ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡና በአገሩም ላይ መዓት የሚያመጣ ነውር ተደርጎ ይቆጠራል። ፈረንሳዊው ምሁር ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ መንደር ያሉትን ጉባኤዎች አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው ነገሩ ቁም ነገር ስላለው ነው።

ይህን ስናወድስ ግን ዓይናችንን አንጨፍን። በዱሮው ዱቡሻ ሴቶች አይናገሩም ነበር። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከጉባኤው፣ ከመሬቱም፣ ከጋብቻውም የተገለሉ ነበሩ። የዚህ መገለል ርዝራዥ ዛሬም በአንዳንድ ስፍራ ይታያል። ስለዚህ ለታዳጊዎች የምንሠራው ሸንጎ ከዱቡሻ መደማመጡን ወስዶ መገለሉን መተው ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ የቆየ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ ሰዎች በግፍ ተገድለው ነበር። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ብዙ ወጣቶች በቁጣ ወጡ፤ በከተማው በሚኖሩ፣ በነገሩ ውስጥ በሌሉ ሰዎችና በንብረታቸው ላይ ሊበቀሉ ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ አይቻልምና ወጣቶቹ ተመለሱ።

ስለ አባቶቹ ብዙ ተብሏል፤ ይገባቸዋልም። እኔ የማስበው ግን ከሕዝቡ መካከል ቆመው ስለነበሩት እኩዮቻችን ነው። ከመካከላቸው «ይህ ትክክል አይደለም» የሚል ሐሳብ በልቡ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም ብዬ አላምንም። በራስ ወገን ፊት፣ ያውም ወገን ሲቆጣ፣ ይህን አውጥቶ መናገር ግን ያልተለማመደ ሰው በዚያች ሰዓት በድንገት የሚያገኘው ነገር አይደለም። አባቶቹ በዱቡሻ ዕድሜ ልካቸውን ሲለማመዱት ኖረዋል። እኛስ የት እንለማመደው? የታዳጊዎች ሸንጎ ሊያለማምድ የሚገባው በእኔ አስተያየት ይህንኑ ነው፤ መሸነፍንና በራስ ወገን ፊት ቆሞ መናገርን።

ባለፈው ክረምት በክፍላችን በሦስት ቅዳሜዎች የሞከርነውን ላውጋችሁ። አንድ የምናብ ቀበሌ ፈጠርን፤ ላይ ሰፈር፣ መካከል ሰፈርና ታች ሰፈር አሉት። የላይ ሰፈር የውኃ ቦኖ ተሰብሯል፤ ታች ሰፈርን ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ይገባበታል። ያለው ገንዘብ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። ማን ማንን ይሁን የሚለው በዕጣ ተወሰነ፤ በፈቃድ ቢሆን ወንዶቹ ሁሉ ሊቀ መንበር፣ ሴቶቹ ሁሉ ጸሐፊ ሊሆኑ ነበር። ሊቀ መንበሩ በየቅዳሜው ይለወጣል። እስከ ሦስተኛው ቅዳሜ ድምፅ መስጠት ክልክል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጩኸት ብቻ ነበር። በሁለተኛው አንድ ነገር ታየ። የሸክላ ሠሪ እናት የመሆን ዕጣ የደረሰው ልጅ፣ በተፈጥሮው ተናጋሪ የሆነ፣ ሦስት ጊዜ እጁን አውጥቶ ሊቀ መንበሯ አላየችውም። ሆን ብላ አልነበረም። በመጨረሻ ልጁ ተነሥቶ «እኔ እዚህ አለሁ ወይ?» ሲል ሁሉም ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዛቸው ገና ያልተናገረ ሰው መኖሩን እየጠየቁ መቀጠል ጀመሩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ገንዘቡ ለጎርፉ መከላከያ እንዲውል ተወሰነ፤ ላይ ሰፈር ተሸነፈ። በብዙ ልምምዶች ጨዋታው እዚህ ያልቃል። እኛ ግን የላይ ሰፈር ተወካይ የነበረችውን የ14 ዓመት ልጅ ወደ ሰፈሯ ላክናት። የቀሩት ልጆች የሰፈሩ ነዋሪዎች ሆነው ተቀምጠዋል። ገና ሳትጀምር «ሸጠሽናል!» ብለው ጮኹባት። ልጅቷ ትንሽ ቆመች። ከዚያም መጀመሪያ ያስረዳችው የተቃዋሚዎቿን ምክንያት ነው፤ ጎርፉ ሌሊት እንደሚመጣ፣ ሕፃናት እንደሚተኙበት። ቀጥላ ለቦኖው ምን ብላ እንደተከራከረች ነገረቻቸው። በመጨረሻም በሚቀጥለው በጀት እንደገና እንደምትጠይቅ ተናገረች። ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ አልበረደም፤ እርሷም አልተቀመጠችም።

ይህን ለመሥራት ብዙ ነገር አያስፈልግም፤ ክብ ሆኖ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር፣ የዕጣ ወረቀትና ጣልቃ የማይገባ አስተባባሪ ይበቃል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ልጆች ሲሳሳቱ እያዩ ዝም ማለት ለታላላቆች ጭንቅ ነውና።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለው ልምምድ ጉዳይ የምናብ ቀበሌ ሳይሆን ታዳጊዎቹ ራሳቸው ያዋጡት የጉዞ ገንዘብ እንዲሆን፣ የሚወስኑትም ውሳኔ ሳይሻር እንዲጸና ለሥራ አመራሩ በጽሑፍ ጠይቀናል። መልሱ እስኪመጣ ዕጣውን አዘጋጅተን እንጠብቃለን።