የውሰት ድርሰትና የራስ ታሪክ፦ «ዘ ፎስተርስ» በብሪታንያ ቴሌቪዥን

ውርስ ትርጉም ሲጠና ትኩረቱ ዘወትር የስም፣ የቦታና የቃለ ተውኔት ለውጥ ላይ ያርፋል። ለውጡ ያልነካው ክፍል ግን የዚያኑ ያህል ተናጋሪ ነው። ለንደን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1977 ያቀረበው «ዘ ፎስተርስ» የተሰኘ ተከታታይ ኮሜዲ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ተከታታዩ የተወረሰው የአሜሪካው ሲቢኤስ በ1974 ከጀመረው «ጉድ ታይምስ» ነው። የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ሲቆጠር ግን መነሻው ብሪታንያ ሆኖ ይገኛል። የቢቢሲው «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት» በአሜሪካ ለ«ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» መነሻ ሆነ፤ ከዚህ «ሞድ»፣ ከ«ሞድ»ም «ጉድ ታይምስ» ተወለደ። በአንድ ዘረኛ ነጭ አባወራ የተጀመረው ሐረግ ወደ አገሩ የተመለሰው ጥቁር ቤተሰብ ይዞ ነበር።

«ጉድ ታይምስ»ን የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያኑ ኤሪክ ሞንቴና ማይክ ኢቫንስ ሲሆኑ፣ ታሪኩ በቺካጎ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃ የሚኖር ድኻ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ጽሑፉን ለብሪታንያ ያዘጋጀው ጆን ዋትኪንስ ቤተሰቡን ከጉያና የመጣ፣ በደቡብ ለንደን ፎቅ ላይ የሚኖር አደረገው። ዋና ዋና ተዋንያኑ በሙሉ ጥቁሮች መሆናቸው በብሪታንያ ሲትኮም የመጀመሪያው ነበር።

ይሁን እንጂ የቺካጎው ቤተሰብ ድህነትና መገለል የደረሰበት በተወለደበት አገር ነው። የለንደኑ ቤተሰብ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ወላጆች ጥለውት የመጡት አገር አለ፤ ልጆች የሚያድጉት በሌላ አገር ነው። ይህ የስደት ውጥረት ከአሜሪካው ጽሑፍ ሊወረስ አይችልም፤ በዚያ አልነበረምና።

ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው «ዘ ፎስተርስ» ከቻናል ፎሩ «ዴዝመንድስ» (1989–1994) ጋር ሲነጻጸር ነው። በ«ዘ ፎስተርስ» አባትን የተጫወተው ጉያና የተወለደው ኖርማን ቢተንና ጎረቤቲቱን የተጫወተችው ካርመን መንሮ በዚህኛው ባልና ሚስት ሆነው ቀርበዋል። ደራሲው ትሪክስ ዎረል የሴንት ሉሺያ ተወላጅ ነው። በፔካም ፀጉር ቤት ያለው ባለቤቱ ወደ ጉያና የመመለስ ሕልሙን አይተውም፤ ሳቁም በአብዛኛው ከዚሁ ይመነጫል።

ስለዚህ «ዘ ፎስተርስ»ን እንደ ደካማ ቅጂ ብቻ መመልከት ተገቢ አይደለም፤ ተዋንያኑን ለሕዝብ አስተዋውቋል። ነገር ግን ጥቁር ተዋንያንን ማሳየትና ጥቁር ደራስያን የራሳቸውን ኑሮ እንዲጽፉ ዕድል መስጠት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። የውርስ ትርጉም ጥናትም ሁለቱን ለይቶ ሊመዝን ይገባል።