የናፍታ መኪና ለአጭር መንገድ ይስማማልን?

መሣሪያ ሁሉ የሚመዘነው በሚሠራበት ሥራ ነው። ብርዕ የሚቀርጽ ሰው መጥረቢያ አያነሣም፤ ግንድ የሚፈልጥም ሰው ካራ አይዝም። የመኪናም ነገር እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰዎች መኪና ሲገዙ የሚጠይቁት ዋጋውንና በአንድ ሊትር የሚሄደውን ርቀት ነው እንጂ፥ ገዢው በየቀኑ የሚሄድበት መንገድ ምን ያህል እንደ ሆነ አይደለም። ከዚህም የተነሣ በነዳጅ ያተረፉ መስሏቸው በጥገና የከሰሩ አሉ። በዚህ ትምህርት የናፍታ መኪና ለማን እንደሚስማማ፥ ለማንም እንደማይስማማ ከነምክንያቱ ይገለጻል። የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ፤ የናፍታ ሞተር አሠራር

ይህን ሞተር ያወጣው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ የጀርመን መሐንዲስ ነው። በ1897 አውግስቡርግ በተባለችው ከተማ በተፈተነ ጊዜ፥ በዘመኑ ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ይልቅ ከጥቂት ነዳጅ ብዙ ኃይል እንደሚያወጣ ታወቀ።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በሚባለው መሣሪያ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። የናፍታ ሞተር ግን ብልጭታ አያሻውም። አየሩን በሲሊንደር ውስጥ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በዚያን ጊዜ የሚረጨው ናፍታ በራሱ ይነድዳል። የብስክሌት ጎማ በመንፊያ የነፋ ሰው፥ መንፊያው እንደሚሞቅ በእጁ ዳስሶ ያውቃል። መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ቢያሳያቸው ነገሩ ፈጥኖ ይገባቸዋል።

ይህን ያህል ግፊት የሚችል ሞተር ወፍራምና ከባድ ሊሆን ግድ ነው። ነዳጁንም እምብዛም ስለማያባክን ወደ ብረቱ የሚተርፈው ሙቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ለመሞቅ ይዘገያል። ነገሩ ምጣድን ይመስላል። ምጣድ እስኪግል ድረስ ብዙ እንጨት ይፈጃል፥ ቤቱንም ጭስ ይሞላዋል፤ ከጋለ በኋላ ግን በጥቂት እሳት ብዙ እንጀራ ይጋገርበታል። ለአንድ እንጀራ ብሎ ምጣድ የሚጥድ ሰው እንጨቱን በከንቱ ያነዳል።

፪ኛ፤ ጥቀርሻውና ማጣሪያው

የናፍታ ጭስ ጥቀርሻ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል፥ የናፍታ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን በ2012 አስታውቋል። ይህን ጥቀርሻ ለማስቀረት በጭስ ማውጫው ውስጥ ማጣሪያ ይገባል። የፔዦ ፋብሪካ በ2000 እንዲህ ያለ ማጣሪያ ያለው አውቶሞቢል ለገበያ አወጣ። በኋላም በአውሮጳ ኅብረት የጭሱ ሕግ ስለ ጠበቀ፥ ከ2011 ጀምሮ በዚያ የሚሸጡት አዳዲስ የናፍታ አውቶሞቢሎች ማጣሪያ ይኖራቸው ጀመር።

ማጣሪያው ሲሞላ ጥቀርሻውን አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል። ለዚህም ሞተሩ ተጨማሪ ናፍታ ይረጭና ማጣሪያውን ወደ 600 ዲግሪ ያግለዋል፤ መኪናውም ሳይቆም በደኅና ፍጥነት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል መሄድ አለበት። ነጂው በመካከሉ ሞተሩን ያጠፋ እንደ ሆነ ሥራው ይቋረጣል። ይህ ነገር ሲደጋገም ማጣሪያው ይደፈናል፤ ያልነደደውም ናፍታ በፒስተኑ ዳር ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። የቀጠነ ዘይትም ብረቱን ከመበላት አያድነውም። በመጨረሻ በነጂው ፊት የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፥ ሞተሩ ኃይል ያጣል፥ ማጣሪያውን በብዙ ገንዘብ መለወጥም ግድ ይሆናል።

፫ኛ፤ በእንግሊዝ አገር የሆነው

የእንግሊዝ መንግሥት በ2001 የመኪናን ዓመታዊ ግብር በሚያወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ መጠን ወሰነ። የናፍታ መኪና ይህን ጋዝ በጥቂቱ ስለሚያወጣ ግብሩ ቀለለለት። በዚያ ዓመት ከተሸጡት 5 አዳዲስ መኪኖች የናፍታው አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ2012 ግን ከግማሽ በለጠ። ከገዢዎቹም መካከል ልጅን ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስና ወደ ገበያ ለመሄድ ብቻ የሚነዱ ነበሩ። የእነዚህ መኪና ማጣሪያ ይደፈን ጀመር። አንዳንዶቹም ወጪውን ሸሽተው ማጣሪያውን አስወለቁት፤ ያን ጊዜ እነርሱ የሸሹትን ዕዳ በመንገድ ዳር የሚሄዱ ሕፃናት በሳንባቸው ከፈሉት። ስለዚህ በ2014 ማጣሪያው የተወለቀ መኪና ዓመታዊውን ምርመራ እንዳያልፍ ተደረገ።

፬ኛ፤ የሒሳብ ምሳሌ

የናፍታው መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር፥ የቤንዚኑ 7 ሊትር የሚፈጅ ይሁን፤ የሁለቱም ነዳጅ ዋጋ እኩል ይሁን። ትርፉ በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ነው። አንደኛው ሰው በቀን 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በ300 ቀን 3,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ትርፉም 60 ሊትር ነው። ሁለተኛው በቀን 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 24,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ትርፉም 480 ሊትር ነው። የናፍታው መኪና በ480 ሊትር ዋጋ ያህል የሚወደድ ቢሆን፥ ሁለተኛው ሰው ብልጫውን በአንድ ዓመት ይመልሳል፤ አንደኛው ግን 8 ዓመት ይጠብቃል። ማጣሪያውን ለመለወጥ የሚወጣው ገንዘብ በዚህ ሒሳብ አልገባም።

፭ኛ፤ ፍርዱ

እንግዲህ የናፍታ ሞተር ክፉ ነው ማለት አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ እስከ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ የጭነት መኪና፥ ሞተሩ እንደ ጋለ ስለሚውል ናፍታ ይስማማዋል። በ1936 የወጣው መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለው የናፍታ አውቶሞቢልም ቀኑን ሁሉ በሚነዱ ባለታክሲዎች ዘንድ ተወድዶ ነበር። በየቀኑ 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚቆም ሰው ግን የቤንዚን ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ይሻለዋል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2024 ከለከለ፤ አስቀድመው የገቡት ግን በመንገድ ላይ አሉ። ስለዚህ ማጣሪያ ያለው የናፍታ መኪና የያዘ ሰው ሦስት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፥ መንገዱ ሁልጊዜ አጭር ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል በሰፊው መንገድ ሳያቋርጥ ይንዳ። ሁለተኛ፥ የዘይቱን መጠን ይመልከት፤ ዘይት ሳይጨመርበት ከፍ ቢል ናፍታ ገብቶበታልና ፈጥኖ ያስለውጥ። ሦስተኛ፥ ማጣሪያውን አያስወልቅ፤ ጭሱን የሚተነፍሰው እርሱ ብቻ አይደለምና።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

፩ የናፍታ ሞተር ያለ ብልጭታ የሚነሣው እንዴት ነው?
፪ በቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከላይ በተጻፈው ሒሳብ በ300 ቀን ስንት ሊትር ያተርፋል?
፫ ማጣሪያውን ያስወለቀ ሰው ያተረፈውን ገንዘብ የሚከፍልለት ማን ነው?